ወንዙ የት ገባ? ስለ ተፋሰስ የውሃ ሂሳብ የተደረገ ንግግር

(ንግግሩ የተደረገው የመስኖ ተጠቃሚዎች፣ የውሃ ባለሙያዎችና ተማሪዎች በተገኙበት ስብሰባ ላይ ነው። ከድምፅ ቅጂው ከሞላ ጎደል እንዳለ ተገልብጧል።)

እንደምን አረፈዳችሁ! ከኋላ ያላችሁ፣ ይሰማል? ጥሩ።

የተከበራችሁ የመስኖ ማኅበራት አባላት፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ተማሪዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ስለጋበዛችሁኝም አመሰግናለሁ። ፕሮግራሙ ላይ ርዕሱ «የተፋሰስ የውሃ በጀትና የውሃ ፍጆታ ግምት» ተብሎ ተጽፏል። ሲነበብ እንቅልፍ ያመጣል፣ አውቃለሁ። ግን ታገሱኝ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከላይ ሆኖ ውሃ የሚጠልፍ አለ። ከታች ሆኖ ቦዩን እያየ የሚጠብቅም አለ። የሁለቱ ጭቅጭቅ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እዚህ ሂሳብ ላይ ነው።

በጥያቄ ልጀምር። አንድ ወንዝ 100 ሜትር ኩብ ውሃ ይዞ ይወርዳል እንበል። መንገድ ላይ የሚቀላቀለው ገባር የለም። ዳር ዳሩ ያሉት ተጠቃሚዎች ተደምረው 160 ሜትር ኩብ ሊቀዱ ይችላሉ? ይችላሉ የምትሉ እጅ አውጡ። አይችሉም የምትሉስ? እናንተ ትበዛላችሁ። መልሱን አሁን አልነግራችሁም፤ ሦስተኛው ነጥብ ላይ እመጣበታለሁ።

የማነሳው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሂሳቡ ራሱ ምን ይመስላል? ሁለተኛ፣ የምንደምራቸውንና የምንቀንሳቸውን ቁጥሮች ከየት እናመጣለን? ሦስተኛ፣ የተቀዳ ውሃና ያለቀ ውሃ ለምን ይምታቱብናል? ሦስተኛው ላይ ረዘም እላለሁ። የሚያጣላን እሱ ነዋ።

እሺ፣ አንደኛው።

ተፋሰስ ስንል ዝናቡ ወደ አንድ ወንዝ የሚሰበሰብበትን መሬት ሁሉ ማለታችን ነው። ይህ መሬት እንደ አንድ ቤት የገቢና የወጪ ደብተር አለው። ዋናው ገቢ ዝናብ ነው። ወጪው ሁለት ነው፤ አንዱ በወንዙ የሚወጣው፣ ሌላው ወደ ሰማይ የሚተነው። በመካከል ተቀማጭ አለ፤ በአፈር ውስጥ ያለ እርጥበት፣ የከርሰ ምድር ውሃ፣ ሐይቅ፣ ግድብ ውስጥ የተኛ ውሃ። ገቢው ከወጪው ከበለጠ ተቀማጩ ይጨምራል፤ ካነሰ ይቀንሳል። አለቀ። ሂሳቡ ይኸው ነው። ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ ዝርዝር ነው።

ትነት ስል ሁለት ነገር አንድ ላይ እያልኩ ነው። ከአፈር፣ ከሐይቅ፣ ከቦይ በቀጥታ የሚተነው አለ። ዕፅዋት በሥራቸው ስበው በቅጠላቸው የሚለቁትም አለ። ሁለቱንም ትነት እላቸዋለሁ፤ ባለሙያዎች አትቆጡኝ።

አሁን አንድ ቁጥር ያዙልኝ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ሲወርድ 1,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። አንድ ሄክታር ላይ ሲሆን 10 ሜትር ኩብ። ይህችን ከያዛችሁ ማንኛውንም የተፋሰስ ጥናት ካልኩሌተር ይዛችሁ መፈተሽ ትችላላችሁ።

እንሞክር። የሐሳብ ተፋሰስ ነው፤ የትም አትፈልጉት። ስፋቱ 10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ የዓመት ዝናቡ 1,000 ሚሊ ሜትር። ስንት ሆነ? 10 ቢሊዮን ሜትር ኩብ። በወንዙ አፍ የሚወጣውን ብንለካ 2 ቢሊዮን አገኘን። ተቀማጩ በዓመቱ መጀመሪያና መጨረሻ እኩል ነው ብንል፣ የቀረው 8 ቢሊዮን የት ሄደ? ተነነ። ከአሥር ስምንት እጁ!

ይህ የተጋነነ ምሳሌ እንዳይመስላችሁ። በዓለም ደረጃ የብስ ላይ ከሚወርደው ዝናብ ወደ 60 በመቶ የሚጠጋው ተመልሶ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ደረቅ አካባቢ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። እኛ ግን ስንከራከር የምንውለው ወንዝ ውስጥ በሚታየው ላይ ነው። ትልቁ ወጪ የማይታየው ነው።

አዋሽን ተመልከቱ። አዋሽ ባሕር አይደርስም። ከደጋው ተነስቶ፣ ስምጥ ሸለቆውን ይዞ ወርዶ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያበቃል። ስለዚህ የአዋሽ ደብተር ላይ «ባሕር የገባ» የሚል መስመር የለም። ከሸንኮራ ቅጠል ላይም ይሁን ከሐይቅ፣ ከረግረግም ይሁን ከግድብ፣ ውሃው ከሞላ ጎደል መጨረሻው ትነት ነው። እንዲህ ዓይነት ተፋሰስ ላይ «ውሃው ባሕር ከሚገባ» የሚል ክርክር አይሠራም። አንድ ሰው አዲስ እርሻ ሲያለማ ከሌላ ሰው፣ ካልሆነም ከረግረጉና ከሐይቁ ነው የሚወስደው።

ወደ ሁለተኛው እንሂድ። ቁጥሮቹን ከየት እናመጣለን?

ከወንዙ ልጀምር፤ ቀላል የሚመስለው እሱ ነው። ወንዝ ዳር ቁጥር የተጻፈበት እንጨት ወይም ብረት ይተከላል። አንድ የአካባቢው ሰው ጠዋትና ማታ ከፍታውን እያነበበ ይመዘግባል። ከፍታ ግን ፍሰት አይደለም። ፍሰቱን ለማወቅ ባለሙያ ሄዶ ወርዱን፣ ጥልቀቱንና የውሃውን ፍጥነት መለካት አለበት። ይህን በተለያየ ከፍታ ደጋግሞ ሲሠራው «ከፍታው ይህን ያህል ሲሆን ፍሰቱ ይህን ያህል ነው» የሚል ግንኙነት ይወጣል። ከዚያ በኋላ ከፍታውን ብቻ እያነበብን ፍሰቱን እንገምታለን። ችግሩ ምንድን ነው? ወንዝ አልጋውን ይቀይራል። ደለል ይሞላዋል፣ ጎርፍ ይቆፍረዋል። ግንኙነቱ ካልታደሰ ቁጥሩ ቀስ በቀስ ውሸት ይሆናል። ደግሞ በሙላት ጊዜ ማን ወንዝ ውስጥ ገብቶ ይለካል? ስለዚህ ትልቁ ውሃ በሚያልፍበት ቀን ያለን ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ መስመሩን በግምት አስረዝመን ያገኘነው ነው።

አንድ ገጠመኝ ልንገራችሁ። የአንድን ወንዝ መዝገብ ስመረምር አንድ ነገር ዓይኔን ያዘው። ክረምት አጋማሽ ላይ የውሃው ከፍታ ለሳምንታት ንቅንቅ አይልም። ጠዋትም ማታም ያው ነው። ዝናቡ ግን ሲያወርደው ከርሟል። ቢሮ ያሉት ልጆች «አንባቢው ቤቱ ተኝቶ ነው የሞላው» ብለው ፈረዱ። መስክ ወጣሁ። አንባቢው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ በየቀኑ ያነባሉ?» አልኳቸው። «ልጄ፣ አንድ ቀን አላጓደልኩም» ብለው ይዘውኝ ወረዱ። እውነታቸውን ነው። ወንዙ በጎርፍ መንገዱን ቀይሮ በሌላ በኩል ይሄዳል። መለኪያው የቆመው ኩሬ ውስጥ ነው! (ሳቅ) እሳቸው በታማኝነት፣ ጠዋትና ማታ፣ ኩሬውን ያነባሉ። «ጋሼ፣ ወንዙ እኮ ወዲያ ሄዷል» ብላቸው፣ «እኔን የቀጠራችሁኝ ይቺን እንጨት እንዳነብ ነው» አሉኝ።

ምን ትላቸዋለህ? ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም። ማንም መጥቶ አላያቸውም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ያ ኩሬ ወደ ቢሮ ገብቶ፣ ከቢሮ ወደ ኤክሴል፣ ከኤክሴል ወደ ሞዴል ገብቶ ቢሆንስ? ሞዴሉ ባለቀለም ካርታ አውጥቶ ያስጨበጭብልን ነበር። ተማሪዎች፣ አደራ፣ መዝገብ ከመጠቀማችሁ በፊት ጣቢያውን ሄዳችሁ እዩት። ቢያንስ ደውሉ።

ዝናብም የራሱ ጣጣ አለው። መለኪያው ትንሽ ጣሳ ናት። በዚች አፏ ነው በመቶ የሚቆጠር ካሬ ኪሎ ሜትር የምንወክለው። ነፋስ ሲኖር ጠብታው በላይዋ ያልፋል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ የምትይዘው ከወረደው ያነሰ ነው። ተራራ ላይ ደግሞ ዝናቡ ይበዛል፣ ጣቢያዎቹ ግን መንገድ ባለበት ሜዳ ላይ ይበዛሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መኪና የሚደርሰው እዚያ ነው።

ይህ ስህተት ምን ያህል ይጎዳል? ወደ ሐሳብ ተፋሰሳችን እንመለስ። ዝናቡን 10 በመቶ ብንሳሳት ስንት ነው? 1 ቢሊዮን ሜትር ኩብ። ወንዙ ግን ጠቅላላው 2 ቢሊዮን ነው። ዝናብ ላይ የተሠራች አንዲት የ10 በመቶ ስህተት የወንዙን ግማሽ አከለች ማለት ነው! ስለዚህ ጥናት አቅራቢው «ትርፍ ውሃ አለን» ሲላችሁ፣ ያ ትርፍ ከስህተቱ ይበልጣል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ካየኋቸው ጥናቶች ይህን በግልጽ የሚጽፉት ጥቂቶች ናቸው።

ከሁሉም የሚያስቸግረው ግን ትነት ነው። አይታይማ። ብዙ ጊዜ «ዝናብ ሲቀነስ ፍሰት፣ የቀረው ትነት ነው» ብለን እንገላገላለን። እንዲህ ስናደርግ የዝናቡም የወንዙም ስህተት ተጠራርጎ ትነቱ ውስጥ ይገባል። ማንም አይጠይቀውም፤ ምክንያቱም ሂሳቡ ሁሌም ይዘጋል። ሂሳቡ ያለ አንዲት ጉድለት ዝግት ያለ ጥናት ሳይ እኔ እጠራጠራለሁ። ትነቱን ለብቻው ገምቶ፣ ከቀሪው ጋር አስተያይቶ፣ «ይህን ያህል አልገጠመልኝም» የሚለኝን ሰው ነው የማምነው።

ታዲያ ለብቻው እንዴት ይገመታል? የድሮው ዘዴ የትነት ገበታ ነው። ወርዱ 121 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 25 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ የብረት ገበታ ውሃ ተሞልቶ ሜዳ ላይ ይቀመጣል። በቀን ስንት ሚሊ ሜትር ጎደለ ይባላል። ብረቱ ስለሚግል ከሐይቅ የበለጠ ያተናል፤ ስለዚህ ቁጥሩ በ0.7 ገደማ ይባዛል። ደህና ዘዴ ነው፣ አጥሩ ካልፈረሰ። አጥሩ ከፈረሰ ከብት ይጠጣዋል። አንድ ጣቢያ ላይ የዓመቱ ከፍተኛ ትነት የተመዘገበበትን ቀን ስከታተል፣ ያገኘሁት ምክንያት ፀሐይ አልነበረም፤ አንድ በሬ ነበር። (ሳቅ)

ከዚያ የሒሳብ ቀመር መጣ። እ.ኤ.አ. በ1948 ፔንማን የሚባል ሳይንቲስት ከፀሐይ ጨረር፣ ከሙቀት፣ ከነፋስና ከአየር እርጥበት ተነስቶ ትነትን የሚያሰላ ቀመር አወጣ። በ1965 ሞንቲዝ የዕፅዋቱን ድርሻ ጨመረበት። በ1998 ፋኦ፣ ማለትም የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ ይህንኑ አስተካክሎ ለሁላችንም መመሪያ አደረገው። አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ 12 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው፣ በደንብ ውሃ የጠገበ ሣር በዚያ አየር ምን ያህል ያተናል ተብሎ ይሰላል። ከዚያ ለየሰብሉና ለዕድገት ደረጃው በተወሰነ ቁጥር ይባዛል። በቆሎ ገና ሲበቅል 0.3 አካባቢ ነው። ሙሉ ሲሆን 1.2 ይደርሳል፤ ማለትም ከሣሩ ይበልጣል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ይህ ቀመር የሚነግረን ሰብሉ ውሃ ካገኘ የሚወስደውን ነው። ውሃ ካላገኘስ? አያተንም፤ ይጠወልጋል። ቦዩ ሳይደርሰው የደረቀ ማሳ ላይ በቀመር «ይህን ያህል ውሃ ተጠቀመ» ብሎ መጻፍ የሌለ ወጪ መመዝገብ ነው። ታች ያሉ ገበሬዎች ያላገኙትን ውሃ ተጠቅማችኋል ሲባሉ ሰምቻለሁ። ያናድዳል።

አሁን ሳተላይት አለ። ሐሳቡ ደስ ይላል። ውሃ የሚያተን መሬት ይቀዘቅዛል፤ የማያተን ይግላል። ሙቀት የሚያነብ ሳተላይት ከላይ ሆኖ የቱ ማሳ ቀዝቃዛ፣ የቱ ሙቅ እንደሆነ ያያል። ከዚያ የትነቱ መጠን ይሰላል። ፋኦ ዋፖር የሚባል የአፍሪካንና የመካከለኛው ምሥራቅን ትነት የሚያሳይ መረጃ በነፃ ያወጣል፤ ተማሪዎች ተጠቀሙበት። ግን ደመና ሲኖር የመሬቱ ሙቀት አይታይም፤ ክረምቱን ሙሉ በግምት እየሞላን ነው ማለት ነው። ሳተላይት ዳኛ አይደለም። አንድ ተጨማሪ ምስክር ነው።

ተቀማጩንስ? ለትልልቅ ተፋሰሶች ግሬስ የሚባሉ መንትያ ሳተላይቶች እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2002 መጠቁ። 220 ኪሎ ሜትር ያህል ተራርቀው እየተከታተሉ እስከ 2017 በረሩ፤ ከ2018 ወዲህ ተተኪዎቻቸው በዚያው መንገድ ይሠራሉ። ከሥራቸው ያለው ክብደት ሲቀየር የመሬት ስበት በጥቂቱ ይቀየራል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀትም ይለዋወጣል። ከዚህ ተነስቶ መሬት ውስጥ ያለው ውሃ መጨመር መቀነሱ ይታወቃል። በ2009 የታተመ ጥናት በሰሜን ምዕራብ ሕንድ ከ2002 እስከ 2008 ባለው ጊዜ 109 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ የከርሰ ምድር ውሃ እንደጠፋ በዚህ መንገድ አሳየ። ወንዙ ላይ ቆሞ ይህን ማየት አይቻልም። ለትንሽ ተፋሰስ ግን ግሬስ አይሆንም፤ ምስሉ በጣም ጥቅል ነው።

ሁለተኛውን እዚህ ላይ ልተወው። አሁን ሦስተኛው፤ 160ው ሜትር ኩብ።

ወንዙ 100 ይዞ መጣ። የመጀመሪያው ቦይ 60 ጠለፈ። ከዚያ ውስጥ ሰብሉ ያተነው 30 ነው። ቀሪው 30 ከቦይ ሰርጎ፣ ከማሳ ፈስሶ ወደ ወንዙ ተመለሰ። ወንዙ ላይ አሁን ስንት አለ? 70። ሁለተኛው ቦይ ደግሞ 60 ጠለፈ፣ 30 አተነ፣ 30 መለሰ። ወንዙ 40 ሆነ። ሦስተኛው 40ውንም ጠለፈ፣ 20 አተነ፣ 20 መለሰ። ደምሩ። 60፣ 60፣ 40። 160 ተቀዳ! ወንዙ ግን አሁንም 20 ይዞ ይወርዳል። ከተፋሰሱ በእርግጥ ያለቀው 80 ነው።

አያችሁ? የተቀዳ ሌላ፣ ያለቀ ሌላ። የተቀዳው ተመልሶ ሌላው ሊጠቀምበት ይችላል። ያለቀው ግን ወደ ሰማይ ሄዷል። ተፋሰሱን የሚያጎድለው ያለቀው ነው። ብዙ ሪፖርቶች ግን የሚደምሩት የተቀዳውን ነው፤ ከዚያ «ወንዙ ከአቅሙ በላይ ተጫነ» ይላሉ። ወይም በተቃራኒው የሚመለሰውን ውሃ እንደ አዲስ ምንጭ ይቆጥሩታል። የጉድጓድ ውሃም እንዲሁ ነው። ከወንዝ ዳር ጉድጓድ ቆፍሮ መሳብ ብዙ ጊዜ ወንዙን በኋላ በር መቅዳት ነው። ደብተሩ ላይ ግን ሁለት ቦታ፣ እንደ ሁለት የተለያየ ሀብት፣ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

አሁን ወደሚያስቆጣው ክፍል ልግባ። የመጀመሪያው ቦይ ባለቤት ጠብታ መስኖ አስገባ እንበል። ከሚቀዳው 80 በመቶው ሰብሉ ጋ ይደርሳል። ሁላችንም እናጨበጭባለን፤ ቆጣቢ ነው። ግን ፈቃዱ ያው 60 ነው፤ ውሃውም ተረፈው፤ ስለዚህ ማሳውን አሰፋ። 60 ቀዳ፣ 48 አተነ፣ 12 መለሰ። ወንዙ ላይ 52 ቀረ። ሁለተኛው 52ቱን ጠልፎ 26 አተነ፣ ግማሹን መለሰ። ሦስተኛው የደረሰው 26 ነው፤ 13 አተነ። ታች የሚወርደው 13 ብቻ ሆነ። ሁለተኛው ከ30 ወደ 26 ወረደ። ሦስተኛው ከ20 ወደ 13። ከላይ ያለው ሰው ግን ከ30 ወደ 48 ወጣ። አንዲት ጠብታ አላባከነም፤ የታችኞቹን ውሃ ግን ወሰደ። በአጠቃላይ ያለቀው ከ80 ወደ 87 አደገ። ቁጠባ ተብሎ ፍጆታው ጨመረ!

ጠብታ መስኖ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። እባካችሁ ነገ «እንዲህ አለ» እንዳትሉኝ። ባዶ አፈር ላይ የሚተነውን ይቀንሳል፣ አረም ይቀንሳል፣ የፓምፕ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ማዳበሪያ አያጥብም። እኔ የምለው፣ ማሳው እንዳይሰፋ ገደብ ካልተደረገ ለተፋሰሱ ውሃ አያተርፍም ነው።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። አሜሪካ፣ አይዳሆ ውስጥ፣ በስኔክ ወንዝ ሜዳ ላይ ገበሬዎች ለረጅም ዘመን በቦይ እያጥለቀለቁ ያጠጡ ነበር። የሚባክነው ውሃ ወደ ከርሰ ምድር እየገባ ታች ያሉትን ምንጮች አጎለበተ። በኋላ ርጭት መስኖ ሲመጣና ጉድጓድ ሲበዛ ምንጮቹ መቀነስ ጀመሩ። በምንጮቹ ውሃ ዓሣ የሚያረቡና የሚያጠጡ ሰዎች ከላይኞቹ ጋር ክስ ውስጥ ገቡ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ደግሞ ኦል አሜሪካን የሚባለው ቦይ 37 ኪሎ ሜትር ያህሉ በኮንክሪት ተለበጠ። በዓመት ከ80 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ስርገት ተረፈ ተባለ። ለማን ተረፈ? ያ ስርገት ድንበሩን አልፎ በሜክሲኮ በኩል የሜክሲካሊን ገበሬዎች ጉድጓድ ይሞላ ነበር። ለአንዱ ብክነት የነበረው ለሌላው ምንጩ ነበር።

ታዲያ እውነተኛ ቁጠባ የለም? አለ። ውሃው ባሕር ወይም ጨዋማ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ገብቶ ማንም የማይጠቀምበት ከሆነ፣ ያን መያዝ እውነተኛ ቁጠባ ነው። ከባዶ አፈርና ከአረም የሚተነውን መቀነስም እንደዚያው። ከተማ የሚቀዳው ውሃ አብዛኛው በፍሳሽ ይመለሳል፤ አጣርቶ ወንዝ ውስጥ መልሶ መጨመር ከተፋሰሱ አንፃር ትልቅ ነገር ነው። እርሻ ግን ሌላ ነው። በዓለም ከወንዝና ከጉድጓድ ከሚቀዳው ውሃ 70 በመቶ ያህሉ ለእርሻ ነው። ካለቀው ውሃ ሲታይ የእርሻ ድርሻ ከዚያም ይበልጣል፤ ሰብል የሚወስደው አይመለስማ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። የላይኞቹና የታችኞቹ ተጠቃሚዎች በተሰበሰቡበት ይህንኑ የሦስት ቦይ ሂሳብ ሰሌዳ ላይ ሠራሁ። የላይኞቹ ደስ አላቸው። «አያችሁ፣ ግማሹን እየመለስን ነው!» አሉ። ከታች የመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ መመለሱንስ ይመለስ፤ መቼ ነው የሚመለሰው?» አሉኝ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ልክ ናቸው። በከርሰ ምድር ዞሮ የሚመለስ ውሃ ወራት ሊወስድ ይችላል፤ ሰብሉ የሚጠብቀው ግን ቀናት ነው። የእኔ ሂሳብ የዓመት ነበር። የዓመት ሂሳብ የተራበውን ወር ይደብቃል። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ያልተሠራ የውሃ በጀት ለመስኖ ተጠቃሚ አላቀርብም። ደግሞም የሚመለሰው ውሃ ጨውና ማዳበሪያ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። መጠኑ ተመልሷል ማለት ውሃው እንደነበረው ሆኖ ተመልሷል ማለት አይደለም።

ሂሳብ ሲሳሳት ምን እንደሚመጣ ሁለት ወንዝ ላንሳ፣ በአጭሩ።

ኮሎራዶ፤ እ.ኤ.አ. በ1922 ሰባት የአሜሪካ ግዛቶች ወንዙን ተከፋፈሉ። ለላይኛው ተፋሰስ 9.25፣ ለታችኛው 9.25፣ በድምሩ 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ በዓመት። በ1944 ለሜክሲኮ ሌላ 1.85 ተጨመረ። የተነሱበት መዝገብ ግን አጭር ነበር፣ ዓመታቱም ከወትሮው ርጥብ ነበሩ። ወንዙ በአማካይ ያን ያህል አልያዘም። ከ2000 ወዲህ ደግሞ ጭራሽ ቀነሰ። ዛሬ ወንዙ በአብዛኛው ጊዜ ባሕር ሳይደርስ ያልቃል። ያልነበረ ውሃ ተከፋፈሉ ማለት ነው፤ ያውም በሕግ።

ዓባይ፤ እ.ኤ.አ. በ1959 ግብፅና ሱዳን ለሁለት የተፈራረሙት ሂሳብ ሲታይ ያምራል። አስዋን ላይ 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ። ከዚያ 10 ለግድቡ ትነት፣ 55.5 ለግብፅ፣ 18.5 ለሱዳን። ደምሩት፤ ይዘጋል። አንድ መስመር ብቻ ነው የጎደለው፤ የላይኛው ተፋሰስ። ውሃው የሚመነጭባቸው አገሮች ድርሻ ዜሮ ነው። ሌላው የሚገርመው ያቺ የ10 ቢሊዮን ትነት ናት። በረሃ ውስጥ የተኛ ሰፊ ሐይቅ የሚያስከፍለው ይህን ያህል ነው። በደቡብ ሱዳን የሱድ ረግረግም ከሚገባበት ውሃ ግማሽ ያህሉን ያተናል። ያ ግን ብክነት ብቻ አይደለም፤ ግጦሹም፣ ዓሣውም፣ ወፉም የሚኖረው በእሱ ነው። ደብተር ላይ ወጪ የተባለ ሁሉ ኪሳራ አይደለም።

እንግዲህ ነገ አንድ አማካሪ ድርጅት ባለቀለም ሪፖርት ይዞላችሁ ይመጣል። ሞዴሉን መመርመር አይጠበቅባችሁም። እነዚህን ጠይቁት። ድንበሩ የት ነው፤ ተፋሰሱ ሙሉ ነው ወይስ እናንተ ያላችሁበት ቁራጭ? የስንት ዓመት መዝገብ ነው፤ ርጥብ ዓመታት ብቻ ናቸው ወይ? በዓመት ነው የተሠራው በወር? ትነቱ በቀሪ ነው የተገኘው ወይስ ለብቻው ተገምቷል? «ፍጆታ» የተባለው የተቀዳው ነው ያለቀው? «ይቆጠባል» የተባለው ውሃ ዛሬ ማን ጋ ይደርሳል? የመጨረሻዋን ሳይመልስ እንዳታስወጡት።

የሦስቱን ቦዮች ሂሳብ በወረቀት አባዝተን በር ላይ አስቀምጠናል። ቁጥሩን በራሳችሁ ቦይ እየቀየራችሁ ሞክሩት። መጀመሪያ ከታች ካሉት ተጠቃሚዎች ጋር ተቀምጣችሁ ብትሠሩት ይሻላል፤ የሚመለሰውን መጠን ከእናንተ በላይ እነሱ ያውቁታል። አመሰግናለሁ። ማይክራፎኑን ወደ ኋላ አሳልፉልኝ፣ ከዚያ በኩል የወጣ እጅ አያለሁ።